ከጀልባው ጀርባ ያለው ሥራ፦ ከባሕር ዳር ልጆች ጥያቄ፣ ከእኔ መልስ

ሰሞኑን “ስለ ሥራና ስለ ሙያ የከበዳችሁን ጠይቁኝ” ብዬ ነበር። አስራ አንድ ዓመት ቴክኒክና ሙያ አስተምሬአለሁ። አሁን እዚሁ ባሕር ዳር የስፌት ማሽን እጠግናለሁ። ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ።

“ጋሼ፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶ አልሞላልኝም። ቤተሰብ ድጋሚ ተፈተን ይለኛል። እኔ ግን ቤት መቀመጥ ሰልችቶኛል።”

መጀመሪያ ቀና በል። በ2014 ዓ.ም. ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ100 ተማሪ 3 ገደማ ብቻ ነበሩ። የወደቅከው ብቻህን አይደለም። ድጋሚ መፈተንህ ጥሩ ነው፣ ግን ቤት ተቀምጠህ አትጠብቅ። ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ከደረጃ 1 እስከ 5 አለው። እንደ ውጤትህ ትገባለህ፣ የብቃት ምዘናውን ስታልፍ ወረቀቱ በእጅህ ነው።

ኮሌጅ ስትሄድ አንድ ነገር ጠይቅልኝ፦ “ለትብብር ሥልጠና የት ነው የምትልኩን?” በል። ድርጅት ውስጥ ገብተህ ሥራ ላይ የምትለማመድበት ማለት ነው። የድርጅት ስም እየጠሩ ከነገሩህ ጥሩ ምልክት ነው። “እናንተው ፈልጉ” ካሉህ፣ ከመመዝገብህ በፊት ሌላ የትምህርት ዘርፍ እይ። ደግሞም ልትማረው ያሰብከውን ሥራ የሚሠራ ሰው ጋ ሄደህ ግማሽ ቀን ቁምና ተመልከት። ሳያዩት የመረጡት ሙያ በኋላ ያስመርራል።

“ባሕር ዳር ላይ የሚያዋጣው ሙያ የቱ ነው?” (ይህን የጠየቁት ብዙ ናቸው።)

የሁላችሁም ዓይን የሚታየው ሥራ ላይ ነው። ጀልባ መንዳት፣ ባጃጅ፣ ሆቴል፣ ቢሮ። እኔ የምላችሁ ከዚያ ጀርባ ያለውን እዩ ነው።

ሐይቁን እንውሰድ። ወደ ዘጌ ሰው የሚያመላልስ ጀልባ ነጂ አይጠፋም። ሞተሩ ሲነክስ አውርዶ ፈትቶ የሚገጥም ግን ስንት ነው? ወደቡ ላይ ሄዳችሁ ባለጀልባዎቹን ጠይቁ። ዓሣውም እንዲሁ ነው። ቆሮሶና አምባዛ የሚያጠምድ አለ። ዓሣውን በንጽህና ቆራርጦ፣ በበረዶ አሽጎ ሳይበላሽ አዲስ አበባ የሚያደርስ፣ የበረዶ ማሽኑን የሚጠግን ግን ያስፈልጋል። አጥማጅ ልሁን ለሚል ደግሞ አደራ አለኝ። ክረምት ላይ ነጭ ዓሣው እንቁላሉን ለመጣል ወደ ጉማራና ወደ ርብ ይወጣል። ያን ጊዜ ወንዝ አፍ ላይ መረብ መዘርጋት የራስን የነገ ሥራ መብላት ነው።

ከከተማ ትንሽ ወጣ በሉ። ፎገራ ሩዝ አምራች ነው፣ ወረታ ላይ የሩዝ መፈልፈያ ማሽኖች ይሠራሉ። ማሽን ካለ ሞተር አለ፣ ቺንጋ አለ፣ ኤሌክትሪክ አለ። መራዊ አጠገብ ደግሞ የቆጋ መስኖ ወደ 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ የተሠራ ነው። ግብርና የተማረ ልጅ ችግኝ ጣቢያ ይዞ አቮካዶ ማዳቀል ቢጀምር ገዢው ቅርቡ ነው።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። በቀደም አንድ የልብስ ፋብሪካ ጠራኝ። አንድ ማሽን ስፌት ይዘላል። ልጅቷ ክር ቀየረች፣ መርፌ ቀየረች፣ እምቢ አለ። ከእሷ በኋላ ያሉት ስድስት ልጆች እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል፤ እጅጌው ከእሷ ሳያልፍ እነሱ ጋ አይደርስምና። ሽፋኑን ፈታሁት። መርፌው ወርዶ መነሳት ሲጀምር ክሩ ትንሽ ቀለበት ይሠራል፣ መንጠቆው በዚያች ቅጽበት መጥቶ ቀለበቱን መያዝ አለበት። ይህኛው ዘግይቷል። የሚዘገየው ከፀጉር አይወፍርም። ብሎኑን በካቻቢቴ አላላሁት፣ ጎማውን በእጄ ቀስ እያልኩ አዞርኩ፣ መንጠቆው መርፌው ጋ ሲደርስ አጠበቅሁት። አስር ደቂቃ ፈጀ። ስድስቱም ልጆች ሥራቸውን ቀጠሉ። የምትሰፋ ልጅ ማግኘት ለፋብሪካው ከባድ አይደለም። ይህን የሚያስተካክል ሰው ግን ከውጭ ነው የጠራው።

“የልብስ ፋብሪካ ደመወዝ ትንሽ ነው ይባላል። ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?”

እውነት ነው፣ ለጀማሪ ትንሽ ነው። ቤት ተከራይተሽ ብቻሽን የምትኖሪ ከሆነ ይከብድሻል። ይህን ደብቄ ግቢ አልልሽም። ከቤተሰብ ጋር ካለሽ ግን እንደ ትምህርት ቤት ቁጠሪው። አንድ ማሽን ላይ ብቻ አትቅሪ፣ ቢቻል ሦስት አራት ዓይነት ልመጂ። ከዚያ ወደ ጥራት ቁጥጥር፣ ወደ መስመር ኃላፊነት ይወጣል። ከተማችን ለዚህ ሙያ አዲስ አይደለችም። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ከ1950ዎቹ ጀምሮ አለ፣ ዩኒቨርሲቲውም ራሱን የቻለ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ተቋም አለው። ከፍ ብሎ መማር ለሚፈልግ መንገዱ እዚሁ ነው።

“በአካውንቲንግ ተመርቄ ሁለት ዓመት ሥራ ፈታሁ። አሁን ወደ ደረጃ 3 ብመለስ ሰው ምን ይለኛል?”

ሰውማ ያወራል። ወንድሜ፣ ሒሳብ የሚያውቅ ባለሙያ ስንት ያወጣል! ሥራ ከፍተው የከሰሩ ጓደኞቼ አብዛኞቹ እጃቸው ወርቅ ነበር፤ ገቢና ወጪ መያዝ ግን አያውቁም ነበር። ተመለስና ተማር። እስከዚያው የሰፈርህን ነጋዴዎች ሒሳብ በትርፍ ሰዓት ያዝላቸው።

“አንድ ድርጅት ቀጥሮኛል። ‘ለሦስት ወር ሙከራ ላይ ነህ’ አሉኝ። ወረቀት የለም። ልክ ነው?”

ልክ አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ እሱም በጽሑፍ መሆን አለበት። የሥራ ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ፣ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን የያዘ ደብዳቤ ፈርሞ መስጠት አለበት። መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ ከሠራህ የትርፍ ሰዓት ክፍያ አለህ፤ በቀን ለሚሠራው የሰዓቱ አንድ ተኩል እጥፍ።

ይህን አጥብቄ የምነግርህ ስለደረሰብኝ ነው። የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ ወረቀት ሳልይዝ አራት ወር ሠራሁ። አንድ ጠዋት “ከነገ ጀምሮ አትምጣ” ተባልኩ። የመጨረሻውን ወር ደመወዝ አላገኘሁም። ቅሬታ ላቀርብ ስሄድ “መቀጠርህን በምን ታረጋግጣለህ?” አሉኝ። ዝም አልኩ፤ ምንም አልነበረኝማ። አንተ ዛሬውኑ በትህትና “ደብዳቤ ይሰጠኝ” በል። እስኪሰጡህ የገባህበትንና የወጣህበትን ሰዓት ደብተር ላይ ጻፍ፣ ደመወዝህም በባንክ እንዲገባ ጠይቅ።

“ደላላ 5,000 ብር ከሰጠሽኝ አስቀጥርሻለሁ አለኝ።”

አትስጪ።

“አስጎብኚ መሆን እወዳለሁ። ቱሪስት ግን ጠፋ። ሴት መሆኔስ?”

ቱሪስቱ መቀነሱን ሁላችንም እያየን ነው፣ ልቤም ያዝናል። ቋንቋ መማርሽን ግን አታቁሚ፣ እንግዳው ሲመለስ ተዘጋጅቶ የጠበቀ ይቀድማል። እስከዚያው በሌላ ሥራ ኑሪ። ሴት መሆንሽ አይከለክልሽም። እንደ ክብራን ገብርኤል ያሉ ሴት የማይገባባቸው ገዳማት አሉ፤ ዘጌ ላይ ያለችው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግን ሴቶችም ይገባሉ። የግድግዳውን ሥዕል ታሪክ አንድ በአንድ አጥኚ። የዘጌን ቡና ከጫካው እስከ ስኒው ማስረዳት ከቻልሽ ደግሞ እንግዳሽ አይረሳሽም።

“16 ዓመቴ ነው። ክረምት ላይ መሥራት እችላለሁ?”

ትችላለህ። ሕጉ የሚከለክለው ከ15 ዓመት በታች መቅጠርን ነው። ከ15 እስከ 18 ላሉት ግን በቀን ከ7 ሰዓት አይበልጥም፣ ትርፍ ሰዓትም ሆነ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት ክልክል ነው። ከባድ ሸክም ውስጥ ግን አትግባ፣ ወገብህ ገና አልጠናም።

“ልጄ ሴት ናት፣ 19 ዓመቷ። ቤት ያለውን ሬዲዮ ሁሉ ትፈታለች። ኤሌክትሮኒክስ ልማር ትላለች። አባቷ ‘የወንድ ሥራ ነው’ አለ። እርስዎ ምን ይላሉ?”

እትዬ፣ እንኳን ጠየቁኝ። ካስተማርኳቸው ሁሉ እጇ የረጋ ተማሪ ሴት ነበረች። የጥገና ሥራ ጉልበት ሳይሆን ትዕግሥት ነው የሚጠይቀው። ፋብሪካ ውስጥ ማሽኑ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፣ ጠጋኟም ሴት ብትሆን ቢነግሯት አይከብዳቸውም። አባቷን በቃል ለማሳመን አይድከሙ። ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱንም ይዘው ወደ እኔ ሱቅ ይምጡ። አንድ የተበላሸ ማሽን አስቀምጥላታለሁ፣ ካቻቢቴውን እሷ ትይዛለች፣ እሳቸው ቁጭ ብለው ቡና እየጠጡ ያያሉ።