ከመጀመሪያ ቀጠሮ ሳያስቀይሙ መነሳት፦ ለጠየቅሽው እህት

እህቴ፣ «ቅዳሜ እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ከአንድ ልጅ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ልንገናኝ ነው፤ ካልተግባባን ሳላስቀይመው እንዴት ልነሳ?» ላልሽው።

አንደኛ፣ ምሳ አትቀበዪ። ምግቡ እስኪመጣ፣ እጅ እስኪታጠብ፣ ቡናው እስኪከተል ሁለት ሰዓት ይሄዳል፤ ከገበታ መሃል መነሳት ደግሞ ነውር ነው። ማኪያቶ ወይም ጁስ ይበቃል። 10 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ በረድ ስትል ተቀጣጠሩና ያኔውኑ በስልክ «11 ተኩል ላይ መሄድ አለብኝ» በዪው። አስቀድሞ ከተነገረ ማንም አይከፋውም፤ ከተቀመጣችሁ በኋላ ከመጣ ግን ሰበብ ይመስላል። ልጁ ከበርጫ (ከጫት ጨዋታ) ተነስቶ የሚመጣ ከሆነማ ጨዋታው ማብቂያ ስለሌለው ሰዓቱን ደግመሽ አስታውሺው።

ሁለተኛ፣ «እናቴ አሟታል፣ ተደወለልኝ» አትበዪ። ድሬ ሁሉም የሚተዋወቅባት ከተማ ናት፤ በማግስቱ ጎረቤት ብርቱካን ይዞ እናትሽን ሊጠይቅ ይመጣል።

ሂሳቡ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንሳሳተው። አስተናጋጁን አንቺ ጥሪው፣ «የኔን ልክፈል» በዪ፤ እምቢ ካለ አትታገዪ፣ አመስግነሽ ተዪለት። «በሚቀጥለው በኔ» የምትለዋን ግን ከአፍሽ እንዳታወጪ! ለይሉኝታ የምንላት ናት፣ ለሰሚው ግን ቀጠሮ ናት። «እንደዋወላለን»ም ያው ነው። ሰውየው ሳምንቱን ሙሉ ስልክሽን ሲጠብቅ ይከርማል፣ ከዚያ ዋሾ የምትባዪው አንቺ ነሽ።

ቀጥሎ «ልሸኝሽ» ይመጣል። እንግዳ መሸኘት ባህላችን ስለሆነ በደረቁ «አይሆንም» ካልሽው ይከፋዋል፤ ዝም ካልሽ ደግሞ ሰፈርሽ ድረስ መጥቶ ቤትሽን ያውቃል። ስለዚህ ሽኝቱን አሳጥሪው፦ «እስከ ባጃጁ ሸኘኝ»። ኮንትራት ያዢ፣ ዋጋውን ሳትገቢ ተስማሚ፣ ዝርዝር ብር ከቦርሳሽ አስቀድመሽ በእጅሽ ያዢ። ባጃጅ በር ላይ ቆሞ ብር መፈለግ ለእሱ «እኔ ልክፈል፣ አብሬሽ ልሂድ» ማለቻ ጊዜ ይሰጠዋል። ለሹፌሩም የቤትሽን በር ሳይሆን ሰፈሩን ብቻ ንገሪው፣ የቀረውን መንገድ ላይ ታሳዪዋለሽ። ስትሰነባበቱ እጅሽን ቀድመሽ ዘርጊ፤ ጨብጦ ያበቃል፣ ጉንጭ መሳሳም አይመጣም።

ከሐረር የምትመጪ ከሆነ ደግሞ ሚኒባሱ እስኪሞላ አብሮሽ ሊቆም ነው። ስንብቱን ጠረጴዛው ላይ ጨርሺው፤ የሐረር መንገድ ላይ ያለውን የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት ሳይመሽ ለማለፍም ከ11 ሰዓት በፊት ተነሺ።

ይሄ ሁሉ ጥንቃቄ ለጨዋ ሰው ነው። እጅሽን የሚይዝ፣ «ቆይ እንጂ» እያለ መንገድ የሚዘጋ ከሆነ ይሉኝታ አያስፈልገውም፤ ለአስተናጋጁ ነግረሽ ውጪ።

እዚያው «መቼ እንገናኝ?» ካለሽ እዚያው መልሺለት። ካልጠየቀ በማግስቱ ጠዋት ጻፊለት፣ ሳምንት አታቆዪው፦ «ስለትናንቱ አመሰግናለሁ። ጨዋታህ ደስ ይላል፣ እኔ ግን በፍቅር በኩል አልታየኝም። መልካሙን ሁሉ እመኝልሃለሁ።» የድሬ ልጅ ግልጽ ነገር ይወዳል፣ አብዛኛው «እሺ፣ ሰላም ሁኚ» ይልሻል። «ለምን?» ቢልሽም ምክንያት አትዘርዝሪ። ቁመቱን፣ ሥራውን፣ አነጋገሩን ካነሳሽ «አስተካክላለሁ» ይልና ክርክሩ ይጀመራል፤ «ስሜቴ ነው» በዪውና እዚያው ላይ አቁሚ።