ጥያቄና መልስ፦ የጥገና ባለሙያ ከክልል ከተማ እንዳይሄድ ምን ይደረግ?

መላሽ፦ እንደ ደብረ ብርሃንና ኮምቦልቻ ባሉ ከተሞች ኤሌክትሪሺያን፣ መካኒክ፣ ብየዳና ቶርኖ ሠራተኛ ስለማግኘትና ስለማቆየት ጠይቁ። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉን፣ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አንብባችኋል ብዬ ነው የምመልሰው። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር፦ ሠራተኛ እንዳይለቅ ብላችሁ የማንንም ኦሪጅናል ዲፕሎማ አትያዙ።

አስተዳደር፣ ደብረ ብርሃን፦ ጋሼ፣ ኤሌክትሪሺያኖቻችን ሁለት ዓመት ሲሞላቸው አዲስ አበባ ይገባሉ። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ ቅዳሜ ሄደው ተፈትነው ሰኞ ሥራ ላይ ናቸው። ደመወዝ ጨምረንም አልቆሙም።

መላሽ፦ ለማን ጨመራችሁ? ብዙ ጊዜ አንዱ ከአዲስ አበባ የቅጥር ደብዳቤ ይዞ ይመጣል፣ ለሱ ብቻ ይጨመርለታል። በሳምንቱ ወርክሾፑ በሙሉ ሰምቷል። ጭማሪ በደብዳቤ እንደሚገኝ ያስተማራችኋቸው እናንተ ናችሁ፤ ሁሉም ደብዳቤ ፍለጋ ይወጣል። ሁለተኛው ጥፋት ይብሳል። አዲስ ገቢው በገበያ ዋጋ ይቀጠራል፣ አራት ዓመት የቆየው በድሮው ደመወዝ ይቀራል። ነባሩ ከሱ እኩል ወይም በላይ የሚከፈለውን ልጅ እያሠለጠነ እንዴት አያኩርፍ?

የሚያስፈልገው የእርከን ወረቀት፣ ማለትም የችሎታ ደረጃውንና ደመወዙን የሚያሳይ ዝርዝር ነው፤ በወርክሾፑ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ፣ ብሩ የተጻፈበት። ለኤሌክትሪሺያን አምስት እርከን ይበቃል። አንደኛው በኃላፊ ሥር ሞተር ያገናኛል። ሁለተኛው ኮንታክተር (የሞተሩን ኃይል የሚያበራና የሚያጠፋውን) እና ኦቨርሎድ (ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ሲጫን የሚያቆመውን) ለብቻው ይቀይራል። ሦስተኛው የፓኔል (የማሽኑ የኤሌክትሪክ ሳጥን) ንድፍ አንብቦ ብልሽት ያገኛል። አራተኛው በኢንቨርተር (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ) ላይ ፓራሜትር፣ ማለትም የማስተካከያ ቁጥሮቹን ያስገባል። አምስተኛው የፒኤልሲ (ማሽኑን የሚያዝዘው ትንሽ ኮምፒውተር) ፕሮግራም መጠባበቂያ ቅጂ ይይዛል፣ ይመልሳል፣ ሌላውን ያሠለጥናል። በየእርከኑ መካከል ያለው ልዩነት ከ10 በመቶ ባይወርድ ጥሩ ነው፤ ካነሰ ሰው ለፈተናው አይለፋም።

ፈተናው በዓመት ሁለቴ፣ በጥርና በሐምሌ፣ በእጅ ሥራ ይሁን። ለሦስተኛው እርከን ለምሳሌ የቆመ ማሽን ፓኔል ክፈቱ፣ ኃይሉን አጥፉና ቆልፉ፣ ከኦቨርሎዱ 95 እና 96 ቁጥር ማያያዣ ላይ አንዱን የመቆጣጠሪያ ሽቦ ፍቱና ዝጉት። ንድፉንና መልቲሜትሩን ስጡት፣ 30 ደቂቃ ያዙለት። ንድፉን ሳያይ ሽቦ መነቅነቅ የጀመረ ገና ነው። ፈታኙ ከሌላ ክፍል ይምጣ፣ ውጤቱ በዕለቱ ይነገር፣ ደመወዙ በቀጣዩ ወር ይስተካከል። አንድ ጊዜ እንኳ «በጀት እስኪፈቀድ ጠብቅ» ካላችሁ ወረቀቱ ሞተ፤ ማንም አያምነውም።

የሰው ኃይል፣ ሐዋሳ፦ የስፌት ኦፕሬተሮች ቶሎ ቶሎ መልቀቅስ?

መላሽ፦ የዛሬው ጉዳይ የጥገና ባለሙያ ነው። በአጭሩ፣ ኪራዩንና ምግቡን ከደመወዙ ላይ ቀንሳችሁ የሚተርፋትን አስሉ። መልሱ እዚያ ነው።

የጥገና ኃላፊ፣ ኮምቦልቻ፦ ለሥልጠና ልከነው ተመልሶ እንዳይለቅ ዲፕሎማውን ብንይዝስ?

መላሽ፦ አትያዙ ብያለሁ። ከሥልጠናው በኋላ ለተወሰነ ጊዜ እንዲሠራ የግዴታ ውል አስፈርሙ፤ ከሥልጠናው በፊት እንጂ ከተመለሰ በኋላ አይደለም። ቀድሞ ከለቀቀ የሚመልሰው የሥልጠና ወጪ በየወሩ ይቀንስ። ወጪው 60,000 ብር፣ ግዴታው 24 ወር ከሆነ በወር 2,500 ብር ይወርዳል፤ በ15ኛው ወር ማብቂያ ከለቀቀ የሚመልሰው 22,500 ነው። ደረሰኝ የሌለውን ወጪ አትጻፉ። እስከ መጨረሻው ቀን ሙሉውን የሚያስከፍል ውል ሰውን ያስፈራል፣ ሲከራከሩበትም ላይጸና ይችላል።

ንብረት ክፍል፣ ደብረ ብርሃን፦ ለምን ፋብሪካዎች ተስማምተን አንዳችን የሌላችንን ሠራተኛ መቅጠር አናቆምም? ይሄ ሁሉ እርከን አያስፈልግም ነበር።

ኤሌክትሪሺያን፣ ደብረ ብርሃን፦ እኛስ ዕቃ ነን? እናንተ ስትስማሙ እኛ አዲስ አበባ እንገባለን።

ንብረት ክፍል፣ ደብረ ብርሃን፦ ወንድሜ፣ ያሠለጠነው ፋብሪካም ከስሯል እኮ።

የጥገና ኃላፊ፣ ኮምቦልቻ፦ ኪሳራውን በውሉ ያስመልስ፣ ስለዚያ አሁን ተነገረን።

መላሽ፦ ኤሌክትሪሺያኑ ልክ ነው። በከተማው ውስጥ መቀያየርን ከዘጋችሁ ሰውየው ከፋብሪካው ሳይሆን ከከተማው ይወጣል፣ ያን ጊዜ ሁላችሁም አጣችሁት። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

አካውንታንት፣ ኮምቦልቻ፦ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ላይ ሁልጊዜ ቅሬታ አለ።

መላሽ፦ ወርሃዊ ደመወዙን ለስንት ነው የምታካፍሉት? በሳምንት 48 ሰዓት ከሆነ፣ በ52 ሳምንት ተባዝቶ ለ12 ወር ሲካፈል በወር 208 ነው። 12,480 ብር ለሚያገኝ ሰዓቱ 60 ብር ነው። ለ240 ካካፈላችሁ 52 ይሆናል፤ ከእያንዳንዱ ሰዓት 8 ብር እየበላችሁ ነው፣ ኤሌክትሪሺያን ደግሞ ማካፈል ያውቃል። የቀን ትርፍ ሰዓት በ1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው በ1.75፣ የዕረፍት ቀን በ2፣ የሕዝብ በዓል በ2.5 ይባዛል። ጣሪያው በቀን 4፣ በሳምንት 12 ሰዓት ነው። ማሽን በተሰበረ ቁጥር አንዱን ጎበዝ ብቻ ከቤቱ የምትጠሩ ከሆነ ብሩን አስተካክላችሁም ይሄዳል፤ የተረኛ ዝርዝር አውጡ።

አዲስ አባል፦ ሠራተኛ እንዴት ይቆያል?

መላሽ፦ የቱ ሠራተኛ? በስንት ደመወዝ? ስንት ጊዜ ቆይቶ ነው የሚለቀው? ከላይ ያለውን አንብበው፣ ቁጥር ይዘው ይምጡ።

አስተዳደር፣ ደሴ፦ ባለሙያ በማስታወቂያ አናገኝም።

መላሽ፦ ማስታወቂያ ቦርድ የሚያየው ሥራ የፈታ ሰው ነው። ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሂዱ። ኮሌጅና ድርጅት አብረው የሚሰጡት የትብብር ሥልጠና ዕቅድ 70 በመቶውን በድርጅት ውስጥ ነው ያደረገው፤ ብዙ ፋብሪካ ግን ሠልጣኙን ወለል ያስጠርገውና ፊርማ ሰጥቶ ይሸኘዋል። ለአንድ ነባር መካኒክ ከሁለት ሠልጣኝ በላይ አትስጡ፣ ለነባሩም የአሠልጣኝ አበል ክፈሉት፤ ያለዚያ ዕውቀቱን ይደብቃል። ቤተሰቡ እዚያው ከተማ ያለ ልጅ ቅድሚያ ያግኝ፤ ኪራይ የለበትም።

ኤሌክትሪሺያን፣ ደብረ ብርሃን፦ ለቅቄ የሥራ ልምድ ማስረጃ ብከለከልስ?

መላሽ፦ ሕጉ ማስረጃው እንዲሰጥ ያዛል፤ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ። የሚገባህ ክፍያም በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ይከፈላል። አንተም የሙከራ ጊዜህን ከጨረስክ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ስጥ፣ ቅጂው ላይ አስፈርም። አስተዳደሮች፣ ለእናንተም ልድገመው፦ ዲፕሎማም ሆነ ማስረጃ አትያዙ። በሰላም የሸኛችሁት ሰው አዲስ አበባ የኪራዩን ዋጋ አይቶ ይደውላል። ሲደውል በየትኛው እርከን እንደሚገባ ግድግዳው ላይ ተጽፎ ይጠብቀው።