ስለ ውኃና ፍሳሽ መስመር መድን፦ ጥያቄና መልስ

ወደ ቤት የሚገባው የውኃ ቧንቧና ከቤት የሚወጣው የፍሳሽ መስመር ሲበላሹ የጥገናውን ወጪ የሚሸፍን መድን መግዛት ይገባ እንደሆነ ላቀረባችኋቸው ጥያቄዎች ከዚህ በታች መልስ ሰጥቻለሁ። ለዓመታት በመድን ጉዳት ግምት ሥራ ላይ ስለቆየሁ ትኩረቴ ወደ ውሉ ቃላት ማዘንበሉ አይቀርም፤ የቧንቧ ሠራተኛ ቢጠየቅ ሌላ ነገር ያስቀድም ይሆናል።

ጥያቄ፦ ብልሽቱ ከአጥሬ ውጭ ከሆነ የሚጠግነው የውኃ አገልግሎቱ አይደለምን?

መልስ፦ ሁልጊዜ አይደለም፤ ስለ መድኑ ከማሰብዎ በፊት መልስ ማግኘት ያለበትም ይኸው ጥያቄ ነው። በብዙ የአሜሪካ ከተሞች የፍሳሽ መስመሩ በመንገድ ሥር ካለው ዋና መስመር ጋር እስከሚገናኝበት ነጥብ ድረስ የቤቱ ባለቤት ኃላፊነት በመሆኑ፣ አስፋልቱን ቆፍሮ የመመለሱ ወጪ ጭምር በባለቤቱ ላይ ይወድቃል። በእንግሊዝና በዌልስ ግን እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2011 ጀምሮ ከሕዝብ ፍሳሽ ጋር የተገናኙና ከይዞታ ወሰን ውጭ የሚያልፉ የቤት መስመሮች፣ እንዲሁም ጎረቤታሞች የሚጋሯቸው፣ በአብዛኛው ወደ ፍሳሽ ድርጅቶቹ ስለተዛወሩ የባለቤቱ ድርሻ ጠብቧል። ስለዚህ የእርስዎ ኃላፊነት ከየት ተነስቶ የት እንደሚያበቃ አገልግሎት ሰጪውን በጽሑፍ ይጠይቁ። የእርስዎ ላልሆነ ቧንቧ አረቦን (ለመድን የሚከፈለውን ክፍያ) የሚከፍሉ ሰዎች ገጥመውኛል።

ጥያቄ፦ የቤት መድን እያለኝ ለምን ሌላ እገዛለሁ?

መልስ፦ የተለመደው የቤት መድን የሚሸፍነው በድንገት የሚደርስን ጉዳት ነው። ዝገት፣ እርጅና፣ የዛፍ ሥርና የመሬት መስመጥ በአብዛኞቹ ውሎች ከሽፋን ውጭ ናቸው፤ የተቀበረ ቧንቧ ደግሞ የሚበላሸው በአብዛኛው በእነዚሁ ምክንያቶች ነው። በተጨማሪም ሁለት ጉዳቶችን መለየት ያስፈልጋል፤ የቧንቧው መሰበር አንድ ነው፣ ፍሳሹ ወደኋላ ተመልሶ ወለሉንና ዕቃውን ማበላሸቱ ሌላ ነው። የመስመር መድን ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያውን ብቻ ይመለከታል፤ ሁለተኛው በቤት መድኑ ላይ ለብቻው የሚጨመር ሽፋን ይፈልጋል። አንዳንድ የቤት መድን ሰጪዎች የመስመሩንም ሽፋን በነባሩ ውል ላይ ስለሚጨምሩ አስቀድሞ እነሱን መጠየቅ ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ ቤቴ ያረጀ ነው፤ ይህ ብቻውን መድን ለመግዛት በቂ ምክንያት ነው?

መልስ፦ ከቤቱ ዕድሜ ይልቅ ቧንቧው ከምን እንደተሠራ ማወቁ ይበልጣል። የሸክላ ቧንቧ ራሱ ብዙ ዘመን ይቆያል፤ ድክመቱ መጋጠሚያው ላይ ነው፣ እርጥበት የሚፈልግ የዛፍ ሥር በዚያ ሾልኮ ይገባና ውስጡን ይሞላዋል። ዚንክ የተለበጠ ብረት ከውስጥ እየዛገ ይጠብባል፤ ባለቤቱ መጀመሪያ የሚያየው የውኃው ግፊት መቀነሱን ነው። በአሜሪካ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በብዛት የተቀበረው ኦራንጅበርግ የተባለው ቧንቧ ደግሞ ከእንጨት ቃጫና ከሬንጅ የተሠራ ስለነበር በአፈሩ ክብደት እየተጨፈለቀ ቅርጹን ያጣል። በሥርዓት የተቀበረ የፒቪሲ መስመር ያለው ሰው ግን ብዙ የሚያሰጋው ነገር የለም። የትኛው እንደሆነ ካላወቁ ከአረቦኑ በፊት መስመሩን በካሜራ ለማስፈተሽ ገንዘብ ያውጡ። ካሜራው ስንጥቅ ካሳየ ያንን ስንጥቅ መድኑ አይሸፍንልዎትም፤ ቢሆንም ሳይታወቅ ቆይቶ ካሳ በሚጠይቁበት ቀን «ቀድሞ የነበረ ብልሽት ነው» ከመባል ይሻላል።

ጥያቄ፦ በስሌት ያዋጣል?

መልስ፦ ዓመታዊው አረቦን መስመሩን ለመለወጥ ከሚጠይቀው ወጪ ሃምሳኛ እጅ ነው እንበል። በ50 ዓመት ውስጥ መስመሩ አንድ ጊዜ ቢለወጥ የከፈሉትና የተከፈለልዎት እኩል ይሆናል፤ ከዚያ ባነሰ ድግግሞሽ ከተበላሸ ትርፉ የኩባንያው ነው። ይህም ውሉ ወጪውን በሙሉ ሲሸፍን ነው፤ ብዙ ውሎች ግን በአንድ ጉዳት ወይም በዓመት የሚከፍሉትን መጠን ይገድባሉ፣ የተቆፈረውን ንጣፍና የአትክልት ቦታ ወደነበረበት መመለስንም ይተዋሉ። ወጪው ድንገት ቢመጣ ከቁጠባዎ መሸፈን የሚችሉ ከሆነ አረቦኑን ለራስዎ ቢያስቀምጡ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ቤቱን በብድር ገዝቶ እጁ ባዶ ለሆነና መስመሩም ላረጀበት ሰው ግን ስሌቱ ባይደግፈውም መድኑን አልነቅፍበትም።

ጥያቄ፦ የከተማው አስተዳደር የላከው የሚመስል ደብዳቤ ደርሶኛል፤ መግዛት ግዴታ ነው?

መልስ፦ አይደለም። እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎች አብዛኛውን ጊዜ የግል ኩባንያ ማስታወቂያዎች ናቸው፤ አንዳንድ ከተሞች ከኩባንያዎች ጋር ተስማምተው ስማቸውን እንዲጠቀሙ ቢፈቅዱም ምርጫው የባለቤቱ ነው። የሚሸጠው ነገር በሕግ መድን ይሁን ወይስ የጥገና አገልግሎት ውል ብቻ እንደሆነም ያረጋግጡ፤ ቅሬታ ሲኖር የሚቀርብለት ተቆጣጣሪ አካል በዚህ ይለያያል።

ጥያቄ፦ ፍሳሹ ከሰሞኑ እየቆመ አስቸግሮኛል፤ አሁን ገዝቼ ላስጠግን?

መልስ፦ አይሠራም። ከውሉ በፊት የጀመረ ብልሽት አይሸፈንም፤ ብዙ ውሎችም ከተፈረሙ በኋላ 30 ቀን ያህል የመጠበቂያ ጊዜ አላቸው። ያንን ገንዘብ ለቧንቧ ሠራተኛው ይስጡት።

ጥያቄ፦ የምኖረው በጋራ ሕንፃ ውስጥ ነው።

መልስ፦ ከሕንፃው ወደ መንገድ የሚወጣው መስመር በአብዛኛው የባለቤቶች ማኅበሩ የጋራ ንብረት ነው። የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ ሳያዩ ምንም አይፈርሙ።