ገጣሚው ሐኪም፣ ኬሚስቱም ገጣሚ፦ ጥያቄና መልስ

ስለ እንግሊዝ የሮማንቲክ ዘመን ገጣሚዎችና ስለ ሕክምና የጠየቃችሁኝን ተራ በተራ ልመልስ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ገጣሚው ጆን ኪትስ እውነት ሕክምና ተምሯል?

መልስ፦ አዎ። በ1815 ለንደን ጋይ ሆስፒታል ገባ። በ1816 የመድኃኒት ቀማሚነት ፈቃድ አገኘ፤ ያኔ መድኃኒት ቀማሚ በሽተኛም ያክማል። ሆስፒታሉ ውስጥ የቀዶ ሐኪም ረዳት ሆኖ ቁስል ያክም ነበር። ማደንዘዣ የለም። በሽተኛው ተይዞ፣ እየጮኸ ነው የሚቆረጠው። የትምህርት ደብተሩ ዛሬም አለ። ስለ ሰው አካል ከጻፈው ጎን፣ ዳር ዳሩን አበባ ስሎበታል። እሷን አበባ ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለምን ተወው?

መልስ፦ ልቡ ግጥም ላይ ነበር። ለወዳጁ እንደነገረው፣ መጨረሻ የሠራው የአንድ ሰው ጭንቅላት ጎን ያለ ደም ቅዳ መክፈት ነው። በደንብ ሠራው። ግን በዚያች ሰዓት ሐሳቡ የት እንደነበር ሲያስታውስ ደነገጠ። ምላጩን ዳግም አልነካም።

ዕውቀቱ ግን አልተወውም። በ1820 አንድ ምሽት አልጋው ላይ ደም ተፋ። ሻማ አስመጥቶ አየው። ቀለሙን አውቀዋለሁ፣ የደም ቅዳ ደም ነው አለ። ወንድሙን ቶምን የገደለው ሳንባ ነቀርሳ እሱንም እንደያዘው ገባው። በ1821 ሮም ውስጥ በ25 ዓመቱ አረፈ። እዚያ ያከመው ሐኪም ደሙን እየቀነሰ፣ ምግብም እየከለከለ ነበር የሚያክመው። ያሳዝናል።

ጥያቄ፦ የሳቅ ጋዙስ?

መልስ፦ በ1799 ሐኪሙ ቶማስ ቤዶስ ብሪስቶል ውስጥ በሽታን በጋዝ የሚያክም ተቋም ከፈተ። ቤተ ሙከራውን የያዘው ወጣቱ ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ ነው፤ እሱም ግጥም ይጽፋል። የሳቅ ጋዝ የሚባለውን ናይትረስ ኦክሳይድን መጀመሪያ ራሱ ሳበው። ከዚያ ገጣሚዎቹን ሳውዚንና ኮልሪጅን ከሐር ከረጢት አሳባቸው፤ የተሰማቸውንም ተቀበላቸው። ስሜትን የሚለካ መሣሪያ ስላልነበረ፣ ቃል የሚያውቅ ሰው መሣሪያ ሆነ። ለእኔ የነገሩ እምብርት ይሄ ነው።

በ1800 ዴቪ ጋዙ ሕመም ስለሚያስታግስ ለቀዶ ጥገና ሊጠቅም ይችላል ብሎ በመጽሐፉ ጻፈ። ሰሚ አላገኘም። ኤተር የተባለው ሌላ ማደንዘዣ ቦስተን ላይ፣ በቀዶ ጥገና፣ በአደባባይ የታየው በ1846 ነው። በመሃል ስንቱ ጮኸ!

ጥያቄ፦ ኮልሪጅ ኬሚስትሪ ምን ያደርግለታል?

መልስ፦ በ1802 ዴቪ ለንደን ሲያስተምር ሄዶ ይሰማው ነበር፤ ለግጥሙ አዳዲስ ዘይቤ ለመሰብሰብ ነው ይባላል። ማስታወሻውን ስታነቡ ግን ደስታውን ታያላችሁ። ኤተር በተራ አየር ሲነድ ደማቅ ነው፤ በኦክስጅን ውስጥ ሲሆን ግን ንጣቱና ውበቱ ልዩ ነው እያለ ይደነቃል።