ጥምዝ፣ ጥቅልል ወይስ ግምድ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። የዲኤንኤን፣ ማለትም የዘር መረጃ የሚይዘውን ሞለኪውል፣ ቅርጽ በአማርኛ ሳስረዳ አንዴ «ጥምዝ»፣ አንዴ «ጥቅልል» እላለሁ። አንድ ተማሪ ደግሞ «ለምን ጉንጉን አይባልም?» ብሎ አፋጠጠኝ። የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ ተማሪዎ ጎበዝ ነው። ከእሱ ልጀምር።

ጎነጎነ የሹሩባ ቃል ነው። ሠሪዋ ጸጉሩን ሦስት ቦታ ትከፍልና አንዱን በሌላው ላይ እያሳለፈች ትጎነጉነዋለች። (ሴራም የሚጎነጎነው ክሩ ሲበዛ ነው።) የሚገርመው፣ ስመ ጥሩው ኬሚስት ላይነስ ፖሊንግም በ1953 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ዲኤንኤ ሦስት ፈትል አለው ብሎ ጽፎ ነበር። ተሳሳተ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ተመራማሪዎቹ ዋትሰንና ክሪክ ሁለት ፈትል ያለውን ሞዴል አወጡ። የሮዛሊንድ ፍራንክሊን የኤክስሬይ ሥራ ባይኖር ይህ ቀላል አይሆንላቸውም ነበር። ጉንጉን ካልን እንግዲህ የፖሊንግን ስህተት በአማርኛ ደገምነው ማለት ነው።

«ጥምዝ» ስህተት የለበትም፤ ግን ጎዶሎ ነው። ሽቦ ብቻውን ይጠመዘዛል። እጅም ይጠመዘዛል። ፈትሎቹ ሁለት መሆናቸውን ቃሉ አይናገርም።

እኔ የምመርጠው «ግምድ» ነው። ገመደ ማለት ፈትልን ከፈትል ጋር እያዞሩ አንድ ማድረግ ነው፤ ገመድም ከዚሁ ቃል ነው የመጣው። የዲኤንኤ ሁለት ፈትሎች ከስኳርና ከፎስፌት የተሠሩ ናቸው። በመሃላቸው ቤዝ የሚባሉ አራት ዓይነት ኬሚካሎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይያያዛሉ፤ አዴኒን ከታይሚን፣ ጉዋኒን ከሳይቶሲን። አንድ ዙር ለመሙላት 10 ያህል ጥንድ ይበቃል። ፈትሎቹ ደግሞ ጎን ለጎን ቢሄዱም አቅጣጫቸው ተቃራኒ ነው። ይህን ለማስረዳት «ራስጌና ግርጌ» ይበሏቸው። አንድ አልጋ ላይ ከወንድሙ ጋር የወንድሙ እግር ፊቱ ላይ ሆኖ ተኝቶ ያደገ ልጅ ወዲያው ይገባዋል።

ግምድ ሌላም ጥቅም አለው፤ ይፈታል። ዲኤንኤ ሲባዛ ግምዱ ይፈታና እያንዳንዱ ፈትል አዲስ ጓደኛ ይሠራለታል። ጥምዝን ግን «ፈታሁት» ስንል ጆሮ ትንሽ ያመነታል።

«ጥቅልል»ንም አይጣሉት፤ ቦታው ሌላ ነው። በአንድ የሰው ሴል ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ጫፍና ጫፉ ቢያያዝና ቢዘረጋ 2 ሜትር ያህል ይሆናል። ያ ሁሉ በዓይን በማይታይ ኒውክለስ (የሴሉ እምብርት) ውስጥ የሚገባው ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ ስለሚጠቀለል ነው። ስለዚህ ግምዱ ነው የሚጠቀለለው። ሁለቱን ቃላት በየቦታቸው ይጠቀሙባቸው።

ክሮሞዞምን፣ ማለትም ይህን በፕሮቲን ላይ የተጠቀለለ ዲኤንኤ፣ «ሐብለ በራሂ» ያሉት ሰዎችም የታያቸው ገመድ ሳይሆን አይቀርም። ሐብል በግዕዝ ገመድ ነውና። ተማሪዎችዎ የአንገት ጌጥ ከመሰላቸው ግን አይፍረዱባቸው፤ ዛሬ ሐብል የሚገኘው ወርቅ ቤት ነው።