የልጄን ቴሌግራም በድብቅ ማንበቤ ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ዱባይ ሰው ቤት የምሠራ እናት ነኝ። የ13 ዓመት ልጄ አገር ቤት ከእናቴ ጋር ትኖራለች። ለትምህርቷ ብዬ ስልክ ገዛሁላት። ባለፈው ክረምት ለእረፍት ስመጣ ሳትሰማ ቴሌግራሟን በእኔም ስልክ ከፈትኩት። ከዚያ ወዲህ የምትጻጻፈውን ሁሉ አያለሁ። አንድ የማናውቀው ሰው ሁለት ወር ሙሉ ያዋራታል። ማታ ማታ «በላሽ? ተኛሽ?» ይላታል። ሰሞኑን ፎቶ ላኪልኝ ማለት ጀምሯል። እስካሁን አልላከችም። ብናገራት ስከታተላት እንደነበር ታውቅና ሁለተኛ አታምነኝም ብዬ ዝም አልኩ። ለቁልቢ ገብርኤል ተስዬላታለሁ። እህቴ ደግሞ ስልኩን አስነጥቂያት ትለኛለች። በድብቅ ማንበቤ ኃጢአት ነው? ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን አንብበሽ ከመጨረስሽ በፊት ለልጅሽ ደውዪ። የዕረፍት ቀኔ ይድረስ አትበዪ። ደውለሽ ስትጨርሺ የቀረውን ታነቢዋለሽ።

ስለ ኃጢአት ጠይቀሻል። እናት የ13 ዓመት ልጇን ስልክ ማየቷ ኃጢአት አይደለም። ልጅቷ ገና በአንቺ እጅ ናት። ማየትሽ አላስጨነቀኝም። ያስጨነቀኝ ሁለት ወር ሙሉ አይተሽ ዝም ማለትሽ ነው።

ይህን ነገር ብዙ ወላጆች ላይ አይቻለሁ። «ልጄን እከታተለዋለሁ፣ የማላውቀው ነገር የለም» ይላሉ። አንድ አባት ከቅዳሴ በኋላ ዛፍ ሥር ጠርቶኝ ስልኩን አሳየኝ። ልጁ የጻፈውና የተጻፈለት ሁሉ በስክሪንሾት ተደርድሯል። የአምስት ወር ነው። ጓደኞቹ ሲሰድቡት፣ እሱ «መኖር አስጠላኝ» ሲል፣ ሁሉም አለ። «ለልጁ ምን አልከው?» አልኩት። «ኧረ ምንም! እንዳይነቃብኝ ብዬ» አለኝ። ልጁ አምስት ወር ሙሉ ብቻውን ነበር። አባቱ ደግሞ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ያነብ ነበር።

ማወቅና መጠበቅ ተምታቶብናል። ሌባው አጥር ሲዘል እያየ፣ የተደበቅኩበት ይታወቅብኛል ብሎ ዝም ያለ ዘበኛ ቤቱን ጠበቀ ይባላል?

ካህኑ ዔሊን ታስታውሺዋለሽ። እግዚአብሔር የወቀሰው ልጆቹ ያደረጉትን ስላላወቀ አይደለም። «አውቆ አልከለከላቸውም» ነው የሚለው (1ኛ ሳሙ. 3፥13)። ከባድ ቃል ነው። ዔሊ እንኳ ቢዘገይም፣ ቢለሳለስም ተናግሯቸው ነበር። አንቺ ገና አልተናገርሽም። ይህን የምልሽ ላሳዝንሽ አይደለም። ያንቺ ልጅ እንደ ዔሊ ልጆች አጥፊ አይደለችም፤ እየተከበበች ያለች ልጅ ናት። ጊዜም አለሽ።

ስእለትሽ መልካም ነው፣ አድርሺው። ግን ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ላይ የሚከበረውን አስቢ። ቅዱስ ገብርኤል ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣበት ቀን ነው። ከላይ ሆኖ እያየ አይደለም ያዳናቸው። ወረደ፤ ነበልባሉ መካከል አብሯቸው ቆመ። ንጉሡ ሦስት ሰው አስጥሎ አራት የቆጠረው ለዚህ ነው። አንቺም ልጅሽ ወዳለችበት ግቢ። ከዱባይ እንዴት እገባለሁ ካልሽ፣ ያ ሰው የገባው በየት ነው? በስልክ ነው። «በላሽ?» እያለ ነው የገባው።

ይህችን «በላሽ?» የሚለውን ቃል ሳነብ ዝም ብዬ ቆየሁ። ክፉው ሰው ማስፈራሪያ ይዞ አልመጣም። የእናት ቃል ይዞ ነው የመጣው። አልፈርድብሽም፤ እዚያ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ከሥራ ስትወጪ እዚህ አምስት ሰዓት ነው፣ ልጅ ተኝታለች ትያለሽ። ግን ስትደውዪ የምትጠይቂው ስለ ውጤቷ ብቻ ከሆነ፣ የቀረውን ሌላ ሰው ይጠይቃታል።

ሌላም ነገር ልንገርሽ። ድብቁ ያን ያህል ድብቅ አይደለም። ልጅሽ ሴቲንግ ገብታ «ዲቫይስ» የሚለውን ብትነካው ያንቺ ስልክ እዚያው ተዘርዝሮ ይቆያታል። ምናልባት አይታው ይሆናል። ደግሞ ቴሌግራም ላይ ሚስጥራዊ ቻት የሚባል አለ። እሱ ከተከፈተበት ስልክ ውጪ ሌላ ስልክ ላይ አይመጣም። ሰውየው ወደዚያ እንሂድ ካላት አንቺ የምታዪው ነገር አይኖርም። ሁሉን አያለሁ ብለሽ ልብሽን አታሳርፊ።

ስትደውዪ መጀመሪያ የራስሽን ተናገሪ። «ልጄ፣ ቴሌግራምሽን በእኔ ስልክ ከፍቼ ሳነብ ነበር። ሳልነግርሽ ማድረጌ ልክ አልነበረም። ሰውየው ፎቶ እንደጠየቀሽ አይቻለሁ። እንዳልላክሽለትም አይቻለሁ፣ ኮራሁብሽ። ግን በጣም ፈራሁ።» ከዚህ ብዙ አትጨምሪ። እመቤታችን የ12 ዓመት ልጇን ሦስት ቀን ፈልጋ ቤተ መቅደስ ስታገኘው «ለምን እንዲህ አደረግህብን?» ብላ ጠየቀች፤ «እየተጨነቅን ስንፈልግህ ነበርን» ብላም ጭንቀቷን ነገረችው (ሉቃ. 2፥48)። ጭንቀትን ለልጅ መንገር ወላጅነትን አያሳንስም። እኛ አገር ግን ቁጣውን እንናገራለን፣ ጭንቀቱን እንደብቃለን።

ታኮርፍ ይሆናል። ታልቅስ፣ ስልኩን ትዝጋብሽ። ነገ እንደገና ደውዪ። ምናልባት አንቺ ያላየሽውን ፎቶ ልካለት ከሆነ አትጩሂባት። «ጥፋቱ የእሱ ነው፣ አብረን እንወጣዋለን» በያት። ገንዘብ አምጪ ካላትም አንድ ብር እንዳትከፍሉ፤ የከፈለን ሰው መልሶ ነው የሚጠይቀው።

ብሎክ ከማድረጓ በፊት ንግግሩን በሙሉ፣ ስሙና መለያው እንዲታይ አድርገሽ ስክሪንሾት አንሺ። ቴሌግራም ላይ አንዱ ወገን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ስለሚችል ሰውየው ከነቃ ማስረጃው ይጠፋል። ለአካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ በመልእክት ለወሲብ ነገር ማባበል ደግሞ ወንጀል ነው፤ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣበታል። ወደ ፖሊስ ይዞት የሚሄድ ሰው ያስፈልግሻል። የክርስትና እናቷ የት ናት? ያን ቀን ታቅፋ የቆመችው ለፎቶ አልነበረም። ስለ ልጅቷ ቃል ገብታለች። ይህ ሥራዋ ነው፣ ንገሪያት።

ስልኩን አስነጥቂያት የምትለው እህትሽ ለልጅቷ አስባ ነው። ግን ስልኩ ከተነጠቀ የሚቋረጠው ያንቺ መስመር ነው። ሰውየውን በጓደኛዋ ስልክ ታገኘዋለች። ከዚህ ይልቅ ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ስልኩ አያቷ ራስጌ ይደር። አያት ቴሌግራም ማወቅ የለባትም፣ ስልክ ራስጌዋ ማስቀመጥ ትችላለች። ሴቲንጉን ደግሞ ቪዲዮ ተደዋውላችሁ አብራችሁ አስተካክሉት። ቁጥሯን ማንም እንዳያይ፣ ግሩፕ ውስጥ የሚያስገባትም በስልኳ የመዘገበችው ሰው ብቻ እንዲሆን አድርጉ። ያንቺ ስልክ እዚያ ዝርዝር ውስጥ ይቆይ ወይስ ይውጣ የሚለውንም አብራችሁ ወስኑ። ለጊዜው ይቆይ ብትያት መብትሽ ነው። አሁን ግን እያወቀች ነው የሚቆየው።

ደውለሽ ስትጨርሺ ምን እንዳለችሽ ጻፊልኝ። የክርስትና ስሟንም ላኪልኝ፣ በጸሎት አስባታለሁ። ያንቺንም እንዳትረሺ።