ዲኤክስን ስፖርት ማድረግ፦ ከሞተሩ ይጀመር ከፍሬኑ?

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ ነው የምኖረው። ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ፣ ኬኢ70 ልገዛ ነው። ሻጩ በቅርብ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) እንደተቀየረለት ይናገራል፤ ቀለሙም አዲስ ነው። ትልቅ ካርቡሬተር ላስገጥምለት፣ ሞላውን አስቆርጬ ዝቅ ላደርገው፣ ሰፋ ያለ ጎማም ላስገባለት አስቤያለሁ። ከየቱ ልጀምር?

መልስ፦ ምርጫዎ ጥሩ ነው። ኬኢ70 ቀላል ነው፣ በኋላ ጎማ ይነዳል፣ የማያውቀው መካኒክም የለም። እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 1987 የተመረተው ታዋቂው የኮሮላ ስፖርት መኪና ኤኢ86 ብዙ የታችኛው አካሉን የወረሰው ከዚሁ ትውልድ ነው።

አዲሱ ቀለም ግን ያስጠርጥርዎ። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለው ከበሩ ሥር ባለው ደፍ፣ በኋላ ጎማው ቅስትና ባትሪው በሚቀመጥበት ላሜራ ላይ ያስጠጉ፤ የማይዝበት ቦታ ስቱኮ ነው። ምንጣፉን ገልጠው ወለሉን ይዩ። ኮፈኑን ከፍተው የፊት አሞርዛተሮቹ ከላይ የሚታሰሩበትን ቦታ ይመርምሩ፤ እሱን ዝገት በልቶት ካገኙት አይግዙ። ሞተር ይለወጣል፤ እዚያ ላይ የተበላ ቦዲ ግን ተበይዶም መስመሩን ስለማይጠብቅ የገዙት ጎማ ሁሉ በአንድ ወገን ያልቃል።

ስለ ፋሻው የኮምፕሬሽን ጌጅ ይመስክር። ሞተሩ ሲሞቅ አራቱንም ካንዴላ ያውጡ፣ የኮይሉን ገመድ ይንቀሉ፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው አስረግጠው እያንዳንዱን ሲሊንደር ይለኩ። በመኪናው የጥገና መጽሐፍ ያለው ቁጥር የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሯ ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ጤነኛ ሞተርም ቢሆን ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል። ስለዚህ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት ይዩ። አንዱ ከሌሎቹ ከ1 ኪሎ (በካሬ ሴንቲሜትር) በላይ ከወረደ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምረው እንደገና ይለኩ፦ ከፍ ካለ ችግሩ ፋሻው ነው፣ ካልተነቃነቀ ቫልቩ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለቱ አብረው ከወረዱ የቴስታታውን (የሞተሩን የላይ ክዳን) ጋርኒሲዮን ይጠርጥሩ።

ከገዙ በኋላ የመጀመሪያው ብር ለፍሬን ይውጣ። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወርዱ ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ያረጀ የፍሬን ዘይት ውኃ ስለሚስብ ሲግል ይፈላል፤ በእንፋሎት የተሞላ ቱቦ ደግሞ ፔዳሉን ባዶ ያደርገዋል። አንድ ሊትር አዲስ ዶት 4 ገዝተው አሮጌውን ሙሉ በሙሉ ያስወጡ፤ ከዋናው ፓምፕ ከሚርቀው፣ ማለትም ከቀኝ የኋላ ጎማ ጀምረው ወደ ቅርቡ ይምጡ። በየሁለት ዓመቱ ይለውጡት። የፊቱን ፓድ፣ የኋላውን ሸራና የጎማ ቱቦዎቹን አብረው ያስፈትሹ።

ቀጥሎ ማቀዝቀዣው። ማርቆስ ላይ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ግፊት የማይይዝ የራዲያተር ክዳን ሞተር ያቃጥላል። ርካሽ ዕቃ ነው፤ አዲስ ይግዙ።

ሞላውን አያስቆርጡ። የተቆረጠ ሞላ ይደርቃል፣ አሞርዛተሩ ጉዞው አልቆበት ከታች ይመታል፣ የኋላው ደግሞ ጎማው ሲንጠለጠል ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል። አዲስ አሞርዛተርና አዲስ ጎሚኒ (የመገጣጠሚያ ላስቲክ) መኪናውን ከመቁረጥ የበለጠ ይለውጡታል። ለጎማ 175/70 በ13 ቸርኬ፣ ወይም 185/60 በ14 ይውሰዱ፤ የሁለቱም ቁመት ከቀድሞው 155 ጎማ ጋር ስለሚቀራረብ የፍጥነት መቁጠሪያው አይዛባም።

ካርቡሬተሩን ለመጨረሻ ያቆዩት። 1,290 ሲሲ የሆነው 4ኬ ሞተር ማርቆስ ላይ የሚያጣው አየር ነው፣ እሱን ደግሞ ትልቅ ካርቡሬተር አይመልስለትም። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር ደጋ ላይ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው በደረቅ ጥላሸት ይጠቁራል። ዌበር የተባለውን ካርቡሬተር ካስገጠሙ ዋናውን ጄት (ቤንዚን የሚያልፍበትን ቀዳዳ) በአምስት ቁጥር፣ ለምሳሌ ከ140 ወደ 135 እያወረዱ ካንዴላው ግራጫ ቡናማ እስኪሆን ይሞክሩ። እዚያ ላይ ያቁሙ፤ ከዚያ በላይ ካሳነሱት ዓባይ በረሃ ሲወርዱ አየሩ ስለሚወፍር ቤንዚኑ ያንስና ፒስተን ይጎዳል።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር። ዲኤክሴ ከዓባይ በረሃ አቀበቱን ስወጣ ይጠፋል። ሃያ ደቂቃ ሲያርፍ ይነሣል። ቤንዚን ፓምፕ ቀየርኩ፣ አልተሻለም።

መልስ፦ በጠፋበት ቅጽበት ከዲስትሪቢዩተሩ መሐል የሚገባውን ገመድ ነቅለው ጫፉን በተከለለ ፕላየር ወደ ብረት አስጠግተው ያስነሡ። የእሳት ብልጭታ ከሌለ ኮይሉ ወይም ኮንደንሰሩ ሲግል ይሞታል፤ ሬዚስተር የሚፈልግ ኮይል በቀጥታ 12 ቮልት ከተሰጠው ይህ የተለመደ ነው። ብልጭታ ካለ ቤንዚን አልደረሰም ማለት ነው። መጀመሪያ የታንከሩን ክዳን ይክፈቱ፦ አየር ሲስብ ከተሰማ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል። እሱ ካልሆነ ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ እየፈላ ነው። እርጥብ ጨርቅ ፓምፑ ላይ ያድርጉ፤ ወዲያው ከተነሣ ተረጋገጠ። ቱቦውን ከጭስ ማውጫው ያርቁ፣ በመሐሉ የላሜራ መከለያ ያስገቡ፣ ከፓምፑ ሥር የሚገባው ወፍራም የሙቀት መከላከያ መኖሩንም ይዩ። ይህ ካልበቃ 0.2 ባር ገደማ የሚገፋ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ታንከሩ አጠገብ ዝቅ አድርገው ያስሩ፤ የዘይት ግፊት ሲጠፋ ፓምፑን የሚያቆም ስዊች ግን ይኑረው፤ አለዚያ በአደጋ ጊዜ ሞተሩ ጠፍቶም ቤንዚን ማፍሰሱን ይቀጥላል።

ጥያቄ፦ ከፍኖተ ሰላም። 4ኤ-ጂኢ የተባለውን የኤኢ86 ሞተር አግኝቻለሁ፤ ዲኤክስ ላይ ይገባል?

መልስ፦ ይገባል፣ ግን ሞተሩ ብቻውን አይበቃም። የ4ኬ ካምቢዮ አይገጥመውም፤ ቲ50 የተባለው ያስፈልጋል፣ የካርዳኑም ርዝመት ይለወጣል። ሞተሩ በፊት ጎማ ከሚነዳ መኪና የወጣ ከሆነ የዘይት ካርተሩና የውኃ መውጫው ይለያያል፣ ዲስትሪቢዩተሩም ከኋላ ያለውን ግድግዳ ይነካል። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የሞተሩን ቁጥርና የግዢ ማስረጃውን ይዘው ትራንስፖርት ቢሮ ይጠይቁ፤ ሊብሬው ላይ ካልተመዘገበ ቦሎ ሲያድሱ ይያዛል።